አራት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የላይብረሪ ሲስተም ልንመርጥ ነው፤ አቅራቢዎቹን በምን እንፈትናቸው?

ካታሎግ ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም፣

በአንድ ሁለተኛ ትውልድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ የካታሎግ ክፍሉን እመራለሁ። እኛና ሦስት ጎረቤቶቻችን አንድ የጋራ ሲስተም እንድንመርጥ ኮሚቴ ተዋቅሯል፤ እኔም አባል ነኝ። ሐሳቡን ከልቤ ነው የምደግፈው። ተማሪ መጥቶ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ሲጠይቀኝና እኛ ጋ ሳጣለት፣ መጽሐፉ ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ሼልፍ ላይ አቧራ ለብሶ እንደተቀመጠ የማውቅበት ጊዜ አለ። የማውቀው ግን ካታሎግ አይቼ አይደለም። እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች ስላሉኝ ነው። እኔ በሌለሁበት ቀን የመጣ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ያለንበት ሁኔታ ይኸውላችሁ። እኛ ኮሃ የሚባለውን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የላይብረሪ ፕሮግራም እንጠቀማለን፤ ቨርዥኑ ግን አርጅቷል። ያስተዳድር የነበረው ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ሲዲኤስ አይሲስ ከሚባለው የድሮ የካታሎግ ፕሮግራም ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ ዳታ አለው። ሦስተኛው የራሱ አይሲቲ ልጆች የሠሩለት ፕሮግራም አለው፤ እውነቱን ለመናገር ማዋስና መመለስ ላይ ፈጣን ነው። አራተኛው ገና አዲስ ስለሆነ ሁሉ ነገሩ ኤክሴል ላይ ነው።

ኮሚቴው ለሦስት ተከፍሏል። አንዳንዶቹ ኮሃን በጋራ እንጫን ይላሉ። ሌሎቹ ከውጭ ኩባንያ በክላውድ እንከራይ ባይ ናቸው። የቀሩት ደግሞ የሦስተኛውን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም አሳድገን እንጠቀምበት ይላሉ። "የራሳችን ልጆች እያሉ" የሚለው ክርክር ስብሰባ ላይ ጉልበት አለው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምንወያየው ስለ ዋጋና ስለ ሰርቨር ብቻ ነው። ባለፈው አንድ አቅራቢ ዴሞ አሳየን። አስቀድሜ የላክሁለትን ናሙና ሪከርድ ጭኖ ነው የመጣው። በእንግሊዝኛ ርዕስ ሲፈልግ ሁሉም ያምራል፤ የሽፋን ፎቶ ይመጣል፣ በጎን ማጣሪያው ይደረደራል። ተራዬ ሲደርስ "ሕገ መንግሥት ብለህ ጻፍልኝ" አልኩት። ምንም አላመጣም። "ናሙናው ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ የለም ማለት ነው" አለኝ። አለ እንጂ! "ህገ መንግስት" ተብሎ ነበር የተመዘገበው። እንደዚያ አድርጎ ሲጽፈው መጻሕፍቱ ተግተልትለው መጡ። ሰብሳቢያችን "እሱ ይስተካከላል" ብለው ወደ ዋጋው አለፉ።

የሕግ ተማሪ ስልኩ ላይ ሲጽፍ የትኛው "ስ" ነው ብሎ አይጨነቅም። መጨነቅም የለበትም።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። ዴሞ ላይ ምን እንጠይቅ? አራታችንም አንድ ዳታቤዝ ውስጥ እንግባ ወይስ የየራሳችንን ይዘን ከላይ የጋራ መፈለጊያ ብቻ እናድርግ? ክሊራንሱስ እንዴት ይሆናል? በተለይ ሲስተም ቀይራችሁ የምታውቁ፣ ቀድመን ብናውቀው ኖሮ የምትሉትን ጻፉልኝ።

ሰርቨር ሩም

እንደምን አሉ እህቴ። እኔ ኮሃ አስተዳድራለሁ፤ ከፍለጋው ልጀምር።

ሰብሳቢዎ "ይስተካከላል" ያሉት እውነት ነው፤ ይስተካከላል። ግን ማን ያስተካክለዋል? ውል ላይ መግባት ያለበት ይኼ ነው። ኮሃ ዜብራ ወይም ኢላስቲክሰርች በሚባል የፍለጋ ፕሮግራም ይፈልጋል። ዜብራ ከሆነ አይሲዩ የሚባለው አማራጭ መብራት አለበት፤ ያለዚያ ከላቲን ውጭ ባለ ፊደል መፈለግ ያስቸግራል። ከዚያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሕግ ይጻፍለታል። ሰባቱም ቤት መካተት አለበት፤ ሀና ሃ፣ አና ኣም እንዳይረሱ። ኢላስቲክሰርች ላይም በፊደል ማጣሪያ እንደዚሁ ይሠራል። ሕጉ በተመዘገበውም ተማሪው በሚጽፈውም ቃል ላይ እኩል መሥራት አለበት። ከዚያ ካታሎጉ በሙሉ እንደገና ኢንዴክስ ይደረጋል። ሪከርዱ ራሱ አይነካም፤ በ"ሥ" የጻፉት በ"ሥ" እንደተጻፈ ይኖራል። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ሥራው አይከብደውም። የማይችለውን ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ ዴሞ ላይ ይስቃል፣ ውል ከተፈረመ በኋላ "ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው" ብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ተማሪው "ኢትዮጵያ" ብሎ ይፈልጋል፤ የመጽሐፉ ርዕስ "የኢትዮጵያ" ብሎ ይጀምራል። ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ከፊት ስለሚለጠፉ የቃሉን መጨረሻ ክፍት አድርጎ መፈለግ አይጠቅምም። "መጽሐፍ" ብሎ የፈለገ ደግሞ "መጻሕፍት"ን አያገኝም። ኢላስቲክሰርች ለብዙ ቋንቋዎች የተዘጋጀ የቃል መፍቻ (ቅጥያውን ከቃሉ የሚለይ) ይዞ ይመጣል፤ አማርኛ ከነዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሻጩ "አማርኛ እንደግፋለን" ሲላችሁ ስክሪን ላይ ይታያል ማለቱ ነው ወይስ ይፈለጋል ማለቱ ነው ብላችሁ ያዙት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ ማሳየትማ ዛሬ ሁሉም ያሳያል።

ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ያለው የአይሲስ ዳታ ያሳስበኛል። ያኔ አማርኛ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች ከሆነ፣ ፎንቱ ሲነሳ የሚቀረው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ነው። እያንዳንዱ ፎንት የራሱ መቀየሪያ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ይህን "ማይግሬሽን" በሚል አንድ መስመር ስር ጠቅልሎ ዋጋ የሚሰጥ አቅራቢ ዳታውን አላየውም ማለት ነው።

አንድ ዳታቤዝ ወይስ አራት ላሉት፣ ኮሃ ሁለቱንም ይችላል። አንድ ሰርቨር ላይ አራት የተለያዩ ኮሃዎችን ማስኬድ ይቻላል። አንድ ኮሃ ውስጥ አራት ላይብረሪ ማድረግም ይቻላል። በሁለተኛው መንገድ የመጽሐፉ ሪከርድ የጋራ ይሆናል፤ ኮፒው ግን የየላይብረሪው ነው፣ የሼልፍ ቁጥሩም እንደዚያው። ስለዚህ ለመጻሕፍት አመዳደብ አንዱ ዲዩዊ ሌላው ኤልሲ ቢጠቀም ምንም ችግር የለውም። የውሰት ቀንና ቅጣትም በየላይብረሪው ይለያያል። እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

አንድ ጣጣ ግን አለው። ባርኮድ በዳታቤዙ ውስጥ መደገም አይችልም፤ የአባል ቁጥርም እንደዚሁ። አራታችሁም የአክሰሽን ቁጥራችሁን (መጽሐፉ ሲገባ የሚሰጠውን ተራ ቁጥር) ባርኮድ አድርጋችሁ ከ00001 ጀምራችሁ ከሆነ አራት 00001 አላችሁ። የተማሪ መታወቂያም ዩጂአር ብሎ ቁጥርና ዓመት ስለሚያስከትል የሁለት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከማይግሬሽን በፊት ለእያንዳንዱ ተቋም ቅድመ ቅጥያ ስጡት። መጽሐፉ ላይ የተለጠፈው ባርኮድ ግን አይለወጥም፤ ስካነሩ ሲያነበው ቅጥያውን ማን ይጨምርለታል? ይህን ሳትመልሱ አትጀምሩ።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ዩኒቨርሲቲዎችን በሚያገናኘው ኔትወርክ በኢተርኔት የተሳሰራችሁ ስለሆነ አንዱ ግቢ ይበቃል ይሏችኋል። ያ ግቢ መብራት ሲሄድበት ወይም ፋይበሩ ሲቆረጥ አራታችሁም ትቆማላችሁ። ለኮሃ ኦፍላይን ማዋሻ ፕሮግራም አለ፤ ሠራተኛው አስቀድሞ ይለማመድበት። ባክአፑም ሰርቨሩ ካለበት ሕንፃ፣ ካለበት ከተማም ይውጣ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኦክቶበር 2023 የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ካታሎጉን ለፍለጋ መልሶ የከፈተው በጃንዋሪ 2024 ነው። ያን የሚያህል ተቋም!

ከሲያትል

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና፣ ላይብረሪ ሳይንስ አዲስ አበባ ተምሬ አሁን እዚህ ካታሎገር ነኝ። የአማርኛና የትግርኛ መጻሕፍት በእጄ ያልፋሉ።

እዚህ አካባቢ ያሉ የኦሪገን፣ የዋሽንግተንና የአይዳሆ 37 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ኦርቢስ ካስኬድ በሚባለው ኅብረታቸው አልማ የተባለውን ሲስተም መርጠው በ4 ዙር ነው የገቡት። የመጨረሻው ዙር በጃንዋሪ 2015 አለቀ። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 23 ካምፓሶች ደግሞ በ2017 በአንድ ጊዜ ገቡ። እነሱ ገንዘብም ሰውም ነበራቸው። እናንተ ኤክሴልና አይሲስ ይዛችሁ በአንድ ቀን ለመግባት አትሞክሩ። መጀመሪያ አንቺ ያለሽበት ይግባ፤ ሌሎቹ ከእናንተ እያዩ ይከተሉ።

የጋራ ሪከርድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አራታችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። አንቺ ርዕስ ስታርሚ የአራቱም ይታረማል። አንዱ ጋ ያለ አዲስ ሠራተኛ ሪከርድ ሲደርብ የአራቱም ይደረባል። ማን ያርማል፣ ማን ያዋሕዳል፣ ማን ይሰርዛል? ሶፍትዌሩ ሳይመረጥ በፊት ይህ ተጽፎ ይፈረም። የካታሎገሮቹ ስምምነት ከሌለ የትኛውም ሲስተም አያድናችሁም፤ ይህን በሙሉ እምነት ነው የምልሽ።

ስምን እንውሰድ። ዓለሙ ከበደ የሚባል ደራሲ አለ እንበል። የኛ ስም በራሱ ስም ነው የሚገባው፤ ማርክ በሚባለው የሪከርድ ቅርጽ መስክ 100 ላይ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር (መለያ ቁጥር) 0 ይሆናል። የፈረንጅ አሠራር የለመደ ሠራተኛ ግን 1 ብሎ "ከበደ፣ ዓለሙ" ያደርገዋል። ሌላው "አለሙ" ብሎ ይጽፋል። ሌላው በላቲን ፊደል ያስገባዋል። አራት ዩኒቨርሲቲ ሲዋሐድ አንድ ሰው አራት ደራሲ ሆኖ ይገኛል። የፊደል ማጣሪያው የሀና የሐን ችግር ይፈታል እንጂ ይህን አይፈታም። ለዚህ የስም መዝገብ ያስፈልጋል፤ ኦቶሪቲ ፋይል የምንለው። አሁኑኑ ጀምሩት፤ ሲስተም እስኪመጣ አትጠብቁ።

ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ። መጽሐፉ ላይ 2009 ዓ.ም. ብሎ ታትሟል። ያ በፈረንጅ 2016 ወይም 2017 ነው። የሚታየው ቦታ ላይ መጽሐፉ ያለውን ጻፉና በቅንፍ የፈረንጁን ጨምሩ። ችግሩ የማይታየው ቦታ ላይ ነው፤ ሲስተሙ በዘመን የሚደረድረው 008 ከሚባለው መስክ አንብቦ ነው። እዚያ 2009 ብሎ ያስገባ ሰው መጽሐፉን ወደኋላ ወስዶ ፈረንጆቹ በ2009 ካሳተሙት ጋር ቀላቀለው ማለት ነው። ግማሹ ሪከርዳችሁ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ከሆነ ድርብርብ ሪከርዶችን የሚለየው ፕሮግራም አንዱን መጽሐፍ ሁለት እትም አድርጎ ያየዋል። የቆዩት መጻሕፍት አይኤስቢኤን ስለሌላቸው በቁጥር ማመሳከርም አይቻልም።

አንድ የሚያግዛችሁ ነገር አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ውስጥ ቢሮ አለው፤ ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢትዮጵያም ጭምር መጻሕፍት ይሰበስባል። ሪከርዶቹን ዜድ 39.50 በሚባለው የላይብረሪዎች መገናኛ ስልት በኩል በነፃ መሳብ ይቻላል። ብዙዎቹ ግን በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት፤ የግዕዙን መስመር እናንተ ትጨምራላችሁ። ከባዶ ከመነሳት በጣም ይሻላል።

ክላውድ ለሚሉት ደግሞ ይህን አንብቢላቸው። አልማን የሚሠራው ኤክስ ሊብሪስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በፕሮኩዌስት ተገዛ። ፕሮኩዌስት ራሱ በ2021 በክላሪቬት ተገዛ። በ2022 ደግሞ ኦሲኤልሲ የተባለው የላይብረሪዎች የጋራ ካታሎግ ድርጅት ክላሪቬትን በሪከርድ ልውውጥ ምክንያት ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በስምምነት ሲያልቅ ሜታዶር የተባለው የመለዋወጫ ፕሮጀክት ቆመ። ኩባንያዎቹ መጥፎ ናቸው ለማለት አይደለም፤ እዚህ በአልማ በየቀኑ ሥራ ይሠራል። ግን የፈረምሽለት ድርጅት ውሉ ሳያልቅ ባለቤቱ ሊቀየር ይችላል። ሪከርዱ፣ ኮፒው፣ ውሰቱ፣ የአባላቱ መረጃ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ። መጻፉም አይበቃም፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሺህ ሪከርድ አስገብታችሁ መልሳችሁ አስወጡና አመሳክሩ። የግዕዙ ፊደል ሳይጎድል ከተመለሰ ጥሩ ነው።

ሰርኩሌሽን

ካታሎገሮቹ የሚሉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከቆጣሪው በኩል ልናገር። ሰኔ ላይ ክሊራንስ ሲጀመር ሰልፉ ከበር ይወጣል። ተማሪው ዕቃውን አስሮ፣ መኪናው ቀጠሮ ተይዞለት፣ ወላጅ ደውሎበት ነው ፊትህ የሚቆመው። አሁን አስቡት። የኛ ተማሪ ከአራተኛው ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ተውሶ ጠፍቶበታል። ክሊራንሱን ማን ይይዛል? ገንዘቡን ከከፈለ የኛ ፋይናንስ ተቀብሎ ለነሱ እንዴት ያስተላልፋል? በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በየትኛው ደረሰኝ ተብሎ ወር ይፈጃል። ልጁ ደግሞ ነገ ቤቱ መግባት አለበት።

ስለዚህ "ሰርቨር ሩም" ባለው አልስማማም፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት። ካታሎጉ የጋራ ይሁን። ተማሪው መጽሐፉ የት እንዳለ ይይ። ደብዳቤ ይዞ ሄዶ እዚያው ያንብብ፣ የሚፈልገውን ገጽ ኮፒ ያድርግ። ውሰቱ በኋላ ይምጣ፤ መጀመሪያም ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይሁን። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመማሪያ መጻሕፍቱ ለራሳችንም አይበቁም፤ ሪዘርቭ ላይ አንዱን ኮፒ በሰዓት እያካፈልን ነው።

የአባላትን መረጃ አንድ ላይ ማድረግም አያጣድፍም። የሁሉም ላይብረሪ ሠራተኛ የሁሉንም ተማሪ ስልክና ያነበበውን መጽሐፍ ዝርዝር ለምን ያያል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ መረጃን ከአገር ስለማስወጣት አዋጁ የሚለው አለ፤ የሕግ ክፍላችሁ አስቀድሞ ይየው።

ካታሎግ ክፍል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዓመተ ምሕረቱን ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ስለ መሬት ሥሪት የተጻፉ የአማርኛ መጻሕፍትን በዘመን ደርድሬ ነበር፤ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ አዲሱና አሮጌው ተደበላልቋል። አንድ አስተማሪ "የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ የላችሁም" ብሎ ሲያማርር የነበረው ለካ ከዚህ ነው። መጻሕፍቱ አሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ታች ወርደው ነው።

ሰርኩሌሽን ያልከው የክሊራንስ ነገር ኮሚቴው ውስጥ አንድም ቀን አልተነሳም። ሬጅስትራርና ፋይናንስ አልተወከሉም፤ እንዲወከሉ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ክላውዱ ኪራይ ስናወራ ሁሌ በዶላር ነው የምናወራው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ገባ። በጀታችን በብር ነው የሚጸድቀው። በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ነገር ውስጥ አራት ላይብረሪ ማስገባት ያስፈራኛል። አንድ ዓመት ሳንከፍል ብንቀር ካታሎጋችን ይዘጋል ማለት ነው።

ዴቨሎፐር

ከ"የራሳችን ልጆች" አንዱ ነኝ፤ በናንተ ኮሚቴ ውስጥ ባልሆንም ለሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ሲስተም ሠርተናል። አገር ውስጥ የተሠራ ሁሉ መናቅ የለበትም። እኛ ከሬጅስትራር ዳታቤዝ ጋር በቀጥታ አገናኝተነዋል። ተማሪ ዊዝድሮው ሲሞላ ላይብረሪው ወዲያው ያውቃል። ክሊራንሱም ያለ ወረቀት ያልቃል። ስንት ዩኒቨርሲቲ ኮሃ ጭኖ የተማሪ ስም በእጅ ሲያስገባ አይቻለሁ። አማርኛውንም ቢሆን ሀ እና ሐን አንድ ማድረግ ለኛ ቀላል ነው፤ ቋንቋውን እናውቀዋለና። ሥራችን የሚታየው ሲበላሽ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ሰርቨር ሩም

ወንድሜ፣ የሬጅስትራሩን ግንኙነት በደንብ መሥራታችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ኮሃ ብቻውን ያንን አይሰጥም። የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። ሪከርዶቹን በማርክ 21 ታስወጣለህ? አንተና ጓደኞችህ ሥራ ብትቀይሩ ኮዱን ማን ይቀጥለዋል?

ኮሃም የተነሳው እንዲሁ ከትንሽ ቦታ ነው። በ1999 ኒው ዚላንድ ውስጥ ሆሮፌኑዋ የሚባል አካባቢ ያለ የላይብረሪ ድርጅት የነበረው ሲስተም 2000 ዓመትን አይሻገርም ተብሎ ስለተሰጋ ለራሱ አሠራ፤ በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። የቆየው ግን ኮዱን ለሁሉም ስለከፈቱት ነው። አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜይና ኖቬምበር ላይ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፤ የሚሠሩበትም ሰዎች በብዙ አገር ተበትነው ነው ያሉት። አንድ ሰው ቢለቅ አይቆምም። የጠያቂዋ ኮሃ ያረጀው ሶፍትዌሩ ቆሞ ሳይሆን ቦታው ላይ ሰው ስላልተተካ ነው። ስለዚህ ምርጫው ኮሃ ቢሆንም ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ከሁለት የተለያየ ዩኒቨርሲቲ፣ የሥራ መደቡ ላይ ተጽፎ ይመደብ። ይህ ካልተፈቀደ እኔ እንኳ ኮሃን ምረጡ አልልም።

ኮሃ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ይቀበላል፤ ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚገናኝበት ኤፒአይም አለው። የሬጅስትራሩን ማገናኛና የክሊራንሱን ክፍል የሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ልጆች በዚያ በኩል ይሥሩት፤ ለአራቱም ያገለግላል። የአማርኛውን የቃል መፍቻ ደግሞ ቢሠሩት ከአራቱም አልፎ ለሌሎች ላይብረሪዎች ሁሉ ይተርፋል። ለነሱም ስማቸው ያለበት ሥራ ይሆናል።

ዴቨሎፐር

በማርክ አናስወጣም፤ በኤክሴል ነው። ፕለጊኑ ላይ ለመሥራት ግን ፈቃደኛ ነኝ፤ የፊደል ማጣሪያውን ሕግ ጽፈን ጨርሰናል፣ ላካፍል እችላለሁ።

ካታሎግ ክፍል (ጠያቂ)

ይህን የመሰለ መልስ አልጠበቅሁም ነበር። ለሚቀጥለው ስብሰባ የምይዘው ይህ ነው። ሦስቱም አማራጮች በአንድ ዓይነት ናሙና ይፈተናሉ፤ ከአራታችንም የተውጣጣ የአማርኛ ሪከርድ፣ የአይሲሱ ዳታም ጭምር። "ሕገ መንግሥት" በስድስቱም አጻጻፍ ይፈለጋል፤ በሕ፣ በህ፣ በኅ፣ ከሥና ከስ ጋር እያገላበጥን። ከዚያ "ኢትዮጵያ" ብለን "የኢትዮጵያ" መምጣቱን እናያለን። አንድ ደራሲ በሁለት አገባብ ተመዝግቦ ሲስተሙ እንዴት እንደሚያገናኘው እንጠይቃለን። የ2009 ዓ.ም. መጽሐፍ ከነማን ጋር እንደሚደረደር እናያለን። ከዚያ ሁሉንም አስወጥተን እናመሳክራለን። ፈተናውን ተማሪዎችም እንዲሞክሩት አደርጋለሁ፤ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች፣ በራሳቸው ስልክ። ዋጋው የሚከፈተው ይህ ካለቀ በኋላ ነው ብዬ ልከራከር ነው።

ውሰቱን በተመለከተ የሰርኩሌሽንን ሐሳብ ይዣለሁ፤ መጀመሪያ ካታሎግ ብቻ። ዳታቤዙ ግን ከመጀመሪያው አንድ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በኋላ እናዋሕዳለን ብለን አራት ከጀመርን የሚያዋሕደው ሰው መቼም አይገኝም።

አንድ የቀረኝ፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ የአይሲሱን ዳታ ፋይል ልኮልኛል፤ ስከፍተው እንደተባለው ድብልቅልቅ ነው። የትኛው ፎንት እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው እዚያ አልተገኘም። በምን አውቃለሁ?

ሰርቨር ሩም

በዚያን ጊዜ የታተመ የካታሎግ ካርድ ወይም የአዲስ መጻሕፍት ዝርዝር ካላቸው ያንን በስልክ ፎቶ ያንሱላችሁ። ከፋይሉ ውስጥ ያንኑ መጽሐፍ ፈልጉና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ፤ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ከዚያ ይወጣል። ሃያ፣ ሠላሳ ርዕስ ከተገኘ አብዛኛው ፊደል ይሸፈናል። ፎቶውንና የፋይሉን ቁራጭ እዚሁ ለጥፉት፤ የአባላት ስም እንዳይኖርበት ብቻ። ሠንጠረዡን አብረን እንሠራዋለን።